የተረታ ከሳሽ የተከሳሹን የጠበቃ ወጪ ይክፈል ወይ?

ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምዎ ባልበላው ገንዘብ ተከሶ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ችሎት ተመላለሰ። ከሳሹ ዕዳው እንደተከፈለው ራሱ የፈረመበት ወረቀት ነበር። በመጨረሻ ወንድምዎ ረታ። ለጠበቃ ያወጣው ግን ከተከሰሰበት ገንዘብ ግማሽ ያህል ሆነ። ዳኛውም «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ»፣ ማለትም ሁሉም የራሱን ወጪ ይቻል፣ ብለው መዝገቡን ዘጉ። «ታዲያ ይሄ ማሸነፍ ነው? ከሶ የተረታ ሰው ሁሉ የሌላውን የጠበቃ ወጪ እንዲከፍል ለምን በሕግ አይገደድም?» ነው ያሉት።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ለ16 ዓመት በጠበቃ ቢሮ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ፋይል መያዝ፣ ቀጠሮ መከታተልና የወጪና ኪሳራ ዝርዝር ማዘጋጀት ነበር። እርስዎ የሚጠይቁትን ሂሳብ በእጄ ስጽፍ ነው የኖርኩት። መልሴን ከፊት ልንገርዎ። ወንድምዎ ሊካስ ይገባው ነበር፣ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። «የተረታ ሁሉ ይክፈል» በሚለው ግን አልስማማም። ምክንያቴ ደግሞ አንዲት ሴት ናት።

ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ትሠራ ነበር። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ተቆርጠዋል። ቢሯችን ስትመጣ እጇን ከሻርፗ ሥር ደብቃ ነበር። ወረቀቶቿን በግራ እጇ አንድ በአንድ አወጣች። የሕክምና ማስረጃ፣ የሥራ ውል፣ የማሽኑ መከለያ ወልቆ የሚታይበት አንድ ፎቶ። ጠበቃው ሁሉንም አገላብጦ አየና «ጥሩ ክስ ነው» አላት። «ግን መከለያውን ራሷ ናት ያወለቀችው ይሉሻል። ምስክር ችሎት ሲቆም ምን እንደሚናገር ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።»

«ብሸነፍስ?» አለች።

«የእነሱን የጠበቃ ወጪ ክፈይ ልትባዪ ትችያለሽ።»

«ስንት?»

ጠበቃው መልስ አልነበረውም። አሠሪው ስንት ጠበቃ እንደሚያቆም፣ በሰዓት ስንት እንደሚከፍላቸው፣ ነገሩ በይግባኝ ስንት ዓመት እንደሚሄድ ከየት ያውቃል? እውነቱን ነገራት። አላውቅም አላት። ወረቀቶቿን ወደ ቦርሳዋ ስትመልስ ፎቶው ወለሉ ላይ ወደቀ። እኔ አነሳሁላት። «ቤት ተማክሬ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። አልመጣችም።

ያቺን ሴት ያስቀራት የክሷ ድክመት አይደለም። «ስንት» ለሚለው ጥያቄ መልስ መጥፋቱ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። ከአሥር ሰባቱን የማሸነፍ ዕድል ያለው ክስ ጠንካራ ክስ ነው። መቶ እንዲህ ያለ ክስ በየዓመቱ የሚገጥመው ትልቅ ድርጅት ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ሂሳቡ በጊዜ ብዛት ይካካስለታል። ኢንሹራንስም አለው። እሷ ግን በዕድሜዋ አንድ ክስ ነው ያላት። ከአሥር ሦስቱ የመሸነፍ ዕድል ከደረሰባት ቤቷን ነው የምታጣው። ሕጉ ለሁለቱም ያው ነው፣ ፍርሃቱ ግን ለሁለቱ እኩል አይደለም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ በ1278 ባወጣችው የግሎስተር ሕግ የረታ ከሳሽ ወጪው እንዲተካለት ፈቀደች። የረታ ተከሳሽም ያንኑ መብት ያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዛሬም እዚያ መነሻው «የተረታ ይከፍላል» ነው። አሜሪካ በሌላ መንገድ ሄደች። በ1796 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በአርካምቤልና በዋይዝማን ክርክር፣ በካሳው ውስጥ የተካተተውን 1600 ዶላር የጠበቃ ክፍያ አልቀበልም አለ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወይም ውል ካላዘዘ በቀር ሁሉም የራሱን ጠበቃ ራሱ ይከፍላል። በ1975 ያው ፍርድ ቤት አልየስካ በተባለ የነዳጅ ቧንቧ ድርጅት መዝገብ ይህንኑ አጸናው። ጃፓንም በመሠረቱ እንዲሁ ናት።

እና የትኛው ይሻላል? እኔን ያስተማረኝ የፍሎሪዳ ታሪክ ነው። የፍሎሪዳ ሐኪሞች «ታካሚ በሆነ ባልሆነው ይከሰናል» ብለው ተማርረው ነበር። በ1980 የሕክምና ስህተት ክስ ላይ የተረታ ወገን የረታውን ጠበቃ እንዲከፍል የሚያዝ ሕግ ወጣ። ሐኪሞቹ ደግፈውት ነበር። በ1985 ሕጉ ተሻረ። እንዲሻር ከገፉት መካከል እነዚያው ሐኪሞች ነበሩ! ምን ሆነ መሰለዎ? ከተረቱት ታካሚዎች ብዙዎቹ የሚከፍሉት ነገር አልነበራቸውም። ሐኪሙ ረትቶም በወረቀት ብቻ ቀረ። ሐኪሙ ሲሸነፍ ግን የታካሚውን የጠበቃ ወጪም ደምሮ ይከፍላል። ውጤቱን ያጠኑ ባለሙያዎች ደግሞ ደካማ ክሶች በብዛት እንደተተዉ፣ እስከ መጨረሻ የሄዱት ግን ከበፊቱ የበለጠ ገንዘብ እንዳስፈረዱ አገኙ። እንግዲህ ሕጉ ከንቱ ክስ አልቀነሰም ማለት አይደለም፣ ቀንሷል። ግን ልብ ብለው ይዩት። ከተተዉት ክሶች ውስጥ ስንቶቹ እንደዚያች ሴት ያሉ ሰዎች ክስ እንደነበሩ ከመዝገብ አይታይም። ያልተከፈተ መዝገብ አይቆጠርም።

እንግሊዝ ራሷ በአካል ጉዳት ክስ ላይ አፈግፍጋለች። ቀድሞ ከሳሹ «ብሸነፍ» ብሎ ኢንሹራንስ ይገባ ነበር፣ ከረታም የኢንሹራንሱን ክፍያ ከተከሳሹ ያስመልስ ነበር። ወጪው እያበጠ ሄደ። ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ ያ ቀረና በምትኩ በአካል ጉዳት የከሰሰ ሰው ቢሸነፍም በመደበኛው የተከሳሹን ወጪ ከኪሱ አይከፍልም ተባለ። ይህ ጥበቃ የሚቀርበት ምክንያት ግን አለ። ዋናው ክሱ በመሠረቱ በውሸት ላይ የቆመ ሆኖ ከተገኘ ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ወንድምዎ ስመለስ እፈልጋታለሁ።

አሁን የራሴን ልናገር። እኔም ከስሼ ተረትቻለሁ። ቤቴን ያደሰልኝ ባለሙያ ጣሪያውን አበላሽቶ ውኃ አስገባብኝ ብዬ ከሰስኩት። ከልቤ አምኜበት ነበር። ግድግዳው ሲረጥብ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ፍርድ ቤቱ ያዘዘው መሐንዲስ መጥቶ ግድግዳውን ከፈተው። ውኃው የሚመጣው ከጣሪያው ሳይሆን ቀድሞ ሌላ ሰው ካስገባው ቧንቧ ነበር። ክሴ ወደቀ። ሰውየው ምንም አላደረገም። በእኔ ምክንያት ግን ጠበቃ ቀጥሯል፣ ሥራ ፈትቷል፣ ስሙም ተነስቷል።

የጠበቃው ዝርዝር ሲቀርብብኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። አሥራ አንድ ተራ ቁጥር ነበረው። ዳኛዋ ተራ በተራ አነበቡት። «የስልክ ምክክር» የሚሉትን አራቱን ሰረዙ። ችሎት ተቀምጦ አንድ ቃል ያልተናገረውን ሁለተኛ ጠበቃም ሰረዙ። በመጨረሻ ሲሶ ያህሉን ክፈል ተባልኩ። ከፈልኩ። ከብዶኛል፣ ግን አልተበደልኩም። ሙሉውን ብባል ኖሮ ግን ለሦስት ዓመት ዕዳ ውስጥ እገባ ነበር፣ ያውም ሳልዋሽ።

ስለ ዝርዝሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከውስጥ ስላየሁት ነው። ደንበኛው ራሱ የሚከፍለው ሂሳብና ሌላ ሰው ይከፍለዋል ተብሎ የሚጻፍ ሂሳብ አንድ አይሆኑም። ደንበኛው ከፋይ ሲሆን ቁጭ ብሎ ይከራከራል፣ «ይሄ ምንድነው?» ይላል። ከፋዩ ባላጋራ ሲሆን ደንበኛው ዝም ይላል። ጠበቃውም እጁ ይፈታል። እኔ ራሴ ግማሽ ሰዓት የፈጀውን ሁለት ሰዓት ብዬ እንድጽፍ ታዝዤ ጽፌያለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ «ሙሉ ወጪ ይተካ» ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ሙሉውን ማን ነው የጻፈው የሚለውን ነው።

ለዚህ ጥሩ መላ ያበጁት ጀርመኖች ይመስሉኛል። እዚያም መነሻው የተረታ ይከፍላል ነው። ግን የሚተካው የጠበቃ ክፍያ በሕግ በወጣ ሠንጠረዥ ነው፣ ሠንጠረዡም በክሱ ገንዘብ መጠን ላይ የተመሠረተ ነው። ባላጋራዎ በሰዓት የሚያስከፍል ውድ ጠበቃ ቢያቆም ከሠንጠረዡ በላይ ያለው የራሱ ጣጣ ነው። ሰው ክስ ከመክፈቱ በፊት ወረቀት ላይ ደምሮ «ብሸነፍ ይህን ያህል ነው» ማለት ይችላል። የሴትየዋ «ስንት?» መልስ አገኘ ማለት ነው። እዚያው ጀርመን በሥራ ክርክር ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ጠበቃ ይከፍላሉ። የረታ ሠራተኛም አይተካለትም፣ የተረታውም አይጠየቅም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ አላስካ የተለየች ናት። ገንዘብ ያልተፈረደበት ክርክር ሲሆን፣ የረታው ወገን ነገሩ ማስረጃና ምስክር እስከሚሰማበት ችሎት ከደረሰ ተገቢ ከሆነው ወጪው 30 በመቶ፣ ሳይደርስ ካለቀ 20 በመቶ ይተካለታል። ሲሶ ካስከፈሉኝ ዳኛ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ከሳሽ ሙሉውን ሊከፍል የሚገባበት ጊዜ የለም? አለ እንጂ! አንደኛው ጉልበተኛ ሰው አፍ ለማዘጋት ሲከስ ነው። ባለሀብቱ ክሱን ለመርታት ሳይሆን ስለ እሱ የጻፈውን ሰው በጠበቃ ወጪ ለማድከም ይከስሳል። ካሊፎርኒያ በ1992 ይህን ለመግታት ባወጣችው ሕግ፣ ዳኛው እንዲህ ያለውን ክስ ገና ከጅምሩ ውድቅ ካደረገው ከሳሹ የተከሳሹን የጠበቃ ወጪ ይከፍላል። በጣም ትክክል ነው። እዚህ ላይ ደካማው ወገን ተከሳሹ ነውና።

ሁለተኛው የወንድምዎ ዓይነት ነው። በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በክርስቲያንስበርግ መዝገብ ስለ ሥራ መድልዎ ክስ ያለው ነገር አለ። የረታ ተከሳሽ የጠበቃ ወጪ የሚተካለት ክሱ ከንቱ፣ ምክንያተ ቢስ ወይም መሠረት የሌለው ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ከሳሹ በመረታቱ ብቻ አይደለም። እኔ ከ16 ዓመት በኋላ የደረስኩበትም እዚያው ነው። መታየት ያለበት ሰውየው ክሱን በከፈተበት ቀን ምን ያውቅ ነበር የሚለው ነው። እኔ ቧንቧውን አላውቅም ነበር። ሴትየዋ ምስክሩ ምን እንደሚል አታውቅም። የወንድምዎ ከሳሽ ግን ገንዘቡን ተቀብሎ ፈርሟል። የራሱን ፊርማ ረስቶ ነው? ይህ ሰው መረታት ብቻ አይደለም፣ ፍርድ ቤቱን ለውሸት ተጠቅሞበታል። እሱ ሙሉውን ቢከፍል ማንም ቅን ከሳሽ አይፈራም።

ስለዚህ «ይቻቻሉ» መባሉ ልክ አልመሰለኝም። ግን ዳኛው ለምን እንዲያ እንዳሉ ማወቅ አለብዎት። በቢሯችን ደጋግሜ ያየሁት ስህተት አለ። ተከሳሹ ወይም ጠበቃው ክሱ ውድቅ ይሁን ብለው ይጽፋሉ፣ ወጪና ኪሳራ መጠየቁን ይረሱታል። ወይም ይጠይቁና ደረሰኝ አያያይዙም። ወይም «ከሳሽ እያወቀ በሐሰት ከሰሰ» የሚለውን ለብቻው ነቅሰው አያሳዩም። ፊርማው ያለበት ወረቀት ክሱን ለመጣል ብቻ ያገለግልና ስለ ከሳሹ ቅንነት ማጣት ማንም አንድ መስመር ሳይጽፍበት ያልቃል። ዳኛ ያልተጠየቀውን ሊሰጥ አይቀመጥም። ቢጠይቁም ደግሞ ማስፈረድና ገንዘቡን እጅ ማስገባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሳሹ ንብረት ከሌለው እንደ ፍሎሪዳ ሐኪሞች ወረቀት ይዞ መቅረት አለ። ለዚህ ነው ከሳሹ የሚከፍለው እንደሌለው ገና ከጅምሩ ሲታይ አንዳንድ ፍርድ ቤቶች የወጪና ኪሳራ ዋስትና አስይዝ የሚሉት።

እና ዛሬ ማታ ወንድምዎን የመከላከያ መልሱን ግልባጭ እንዲያወጣ ይንገሩት። የመጨረሻውን ገጽ፣ «ስለዚህ ፍርድ ቤቱ» ከሚለው በታች ያለውን ያንብቡት። ወጪና ኪሳራ ተጠይቋል? ዝርዝርና ደረሰኝ ተያይዟል? ከሳሹ ፊርማውን እያወቀ መክሰሱ በቃል ተጽፏል? ከተጠየቀና ዳኛው ያለ ምክንያት ካለፉት፣ የይግባኝ ጊዜው ሳያልፍ ውሳኔውን ይዘው ጠበቃ ጋር ይሂዱ። ካልተጠየቀ ደግሞ ጠበቃውን ለምን እንዳልጠየቀ ፊት ለፊት ይጠይቁት። ያገኙትን ይንገሩኝ፣ ዝርዝሩን አብረን እናየዋለን።