ነርስነትሽ ነው የጣለሽ

ጥያቄ፦ አገር ቤት ነርስ ነበርኩ። አሁን ቨርጂኒያ ሆኜ ለሲፒሲ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፤ ሐኪም የጻፈውን ወደ ኮድ የሚቀይር የሕክምና ኮደር የሚፈተነው ነው። አንድ መለማመጃ ላይ ሐኪሙ «ሂስትሪ ኦፍ ሄሪ ሴል ሉኬሚያ። በ2019 ክላድሪቢን ወስዷል። የደም ቆጠራው ደህና ነው። ከ6 ወር በኋላ ይመለስ» ይላል። ሉኬሚያው የደም ካንሰር ነው፣ ክላድሪቢን መድኃኒቱ። የሪሚሽኑን (በሽታው ተኝቷል የሚለውን) ኮድ ሰጠሁ፤ ተሳስተሻል ተባልኩ። ይሄ ሥራ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

እህቴ፣ የተሳሳትሽው ሕክምናውን ስለምታውቂ ነው። ቻርቱን እንደ ነርስ አነበብሽው። ቆጠራው ተስተካክሏል፣ መድኃኒቱ ካለቀ ቆይቷል፣ እንግዲህ በሽታው ተኝቷል አልሽ። ምናልባት ልክ ነሽ። ግን ሐኪሙ «ሪሚሽን» የምትለዋን ቃል አልጻፋትም። ኮደር ደግሞ የላብራቶሪ ውጤት አይቶ ምርመራ አይወስንም።

ኮዶቹን ጎን ለጎን እያቸው። ሲ91.40 ሪሚሽን ላይ ያልደረሰ፣ ሲ91.41 ሪሚሽን ላይ ያለ፣ ሲ91.42 ያገረሸ። ዜድ85.6 ደግሞ ሉኬሚያ ነበረበት፣ አሁን የለም። ሐኪሞች «ሂስትሪ ኦፍ» ሲሉ አንዳንዴ «ነበረበት»፣ አንዳንዴ «የቆየ ነው፣ አሁንም አለበት» ማለታቸው ነው። በኮዲንግ ግን ትርጉሙ አንድ ነው፦ አልፏል። የኮዲንግ መመሪያውም በሽታው ሪሚሽን ላይ መድረሱ ከጽሑፉ ግልጽ ካልሆነ ሐኪሙን ጠይቂ ነው የሚለው።

አጠያየቁ ራሱ ሙያ ነው። «ሪሚሽን ብለው ይጻፉልኝ» አይባልም፤ መልሱን ማጉረስ ይሆናል። «በሽታው በዛሬው ቀን ያለበትን ሁኔታ ይግለጹልኝ» ብለሽ ምርጫዎቹን ትደረድሪያለሽ። «ሌላ» እና «መወሰን አይቻልም» የሚሉትም ይኑሩበት።

ፈተናው ብዙ አያስፈራሽ። 100 ጥያቄ፣ 4 ሰዓት፣ የኮድ መጽሐፍሽም አብሮሽ አለ። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ ልምድ ካለፍሽ ሲፒሲው ጫፍ ላይ «ኤ» ትለጠፍብሻለች፤ ተለማማጅ ማለት ናት። ብዙ ቀጣሪ አይወዳትም። 2 ዓመት ስትሠሪ፣ ወይም 1 ዓመት ሠርተሽ የ80 ሰዓት ትምህርት ስታሳዪ ትነሣለች። ስለዚህ «ኮደር» የሚል ማስታወቂያ ብቻ እያሳደድሽ አትቀመጪ። ቢሊንግም (የሕክምና ሂሳብ መጠየቁም) ሆነ መዝገብ ክፍል፣ ኢንሹራንስ አልከፍልም ያለውን መከታተልም ቢሆን ካገኘሽ ግቢበት፤ ካንሰር ክሊኒክ ከሆነማ ዓይንሽን አትሺ።

ሲቪሽ ላይ ነርስነትሽን ከላይ አድርጊው። «አር ኤን» (ሬጂስተርድ ነርስ) ብለሽ ግን እንዳትጽፊ፤ እሱ እዚህ ፈቃድ ላለው ነው።