«ለጊዜው» ተብሎ ስለሚገጠም ፍሬን

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር አንድ ልጅ ደወለልኝ። ስልኬን የሰጠው አጎቱ ነው፤ አጎቱ ደብረ ማርቆስ ሳለ ብስክሌቱን እኔ ዘንድ ሲያሠራ የኖረ ሰው ነው። ልጁ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣ «ጋሼ፣ ኮርሳ ልገጥም ነው። ቴላዮ አግኝቻለሁ፣ ቸርኬም አለኝ። ብሩ ግን ለሁሉም አልበቃ አለ። ማርሹን ጥሩውን ላድርግና ፍሬኑን ለጊዜው በርካሽ ብይዘውስ? ፍሬን መቼም በኋላ ይቀየራል» አለኝ። ኮርሳ የምንለው የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው፤ ቴላዮ የብስክሌቱ አካል፣ ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ክብ። ሲገጥም የሚሄድበትንም ነገረኝ። ከጓደኞቹ ጋር ከባሕር ዳር ተነሥተው፣ በማርቆስና በደጀን አድርገው፣ አባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ሊገቡ ነው።

«ነገ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ነው። ይችን ቃል ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት እኔው ራሴ ለአንድ ልጅ ብያት ነበር። ይህን የምጽፈው ለደወለልኝ ልጅም፣ እንደሱ ኮርሳ ልትገጥሙ ለተነሣችሁ ሁሉም ነው።

ያ ልጅ የሉማሜ ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቱ ጠላ እየሸጠች ያሳደገችው፣ እግሩ ለፔዳል የተፈጠረ ልጅ። ከሉማሜ ማርቆስ ድረስ ያንን ከባዱን የኪራይ ብስክሌት እየነዳ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ሲወርድ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅሞ አንድ የብረት ቴላዮ ይዞ መጣ። አሮጌ ነው፤ ግን አልታጠፈም፣ አልተበየደም።

ቴላዮው በድሮው በባለ 27 ኢንች ጎማ ልክ የተሠራ ነበር። እኛ ያገኘነው ቸርኬ ደግሞ ዛሬ ኮርሳ ሁሉ የሚሄድበት 700 ሲ የሚባለው ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ጎን ለጎን አቁማችሁ ካላያችኋቸው አትለዩአቸውም። ነገር ግን ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር የ27ቱ 630 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ700ው 622 ነው። ልዩነቱ ስምንት፣ ከመሐል እስከ ዳር ሲለካ አራት ሚሊ ሜትር። የባቄላ ፍሬ ውፍረት አትሞላም። ቸርኬው ግን በዚችው አራት ሚሊ ሜትር ከፍሬኑ ራቀ።

የኮርሳ መቆንጠጫ ፍሬን፣ ቸርኬውን ከሁለት ጎን በላስቲክ ቆንጥጦ የሚይዘው፣ በክንዱ ርዝመት ይለያያል። አጭሩ፣ ቴላዮው ላይ ከሚታሰርበት ቡሎን እስከ ቸርኬው፣ ከ39 እስከ 49 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ረጅሙ ከ47 እስከ 57። የልጁን ስለካው 52 መጣ። እጄ ላይ ያለው አጭሩ ነው። ረጅሙን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻል ነበር፤ ብሩ ግን አልቋል። ያለቀውም በእኔ ምክር ነው። ልጁ «ባለ 7 ማርሽ ይበቃኛል ጋሼ» ሲለኝ፣ «በባለ 7 ከማን ጋር ልትወዳደር ነው?» ብዬ ባለ 9ኙን፣ መቀየሪያው ከፍሬን መያዣው ጋር አንድ ላይ የሆነውን፣ ከሚያብረቀርቅ የኋላ ካምቢዮ ጋር ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ለፍሬኑ የቀረ ነገር አልነበረም።

ሞረድ አነሣሁ። የፍሬኑ ላስቲክ ከፍና ዝቅ የሚልበትን ቀዳዳ ወደ ታች ሦስት ሚሊ ሜትር ሞረድሁት። ላስቲኩ ወረደ፤ ቸርኬውንም ነካ። የላይኛው ጠርዙ ግን የጎማውን ጎን ትንሽ ይልሰው ነበር። አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ሱቁ ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ነዳሁት፣ ያዝሁት፣ ቆመ። «ለጊዜው ይበቃሃል፤ ብር ስታገኝ እንቀይረዋለን» አልሁት። እጄን ሳመና ሄደ።

ያኔ ለምን እንዲህ እንዳሰብሁ አሁን ይገባኛል። ሙያውን ያስተማሩኝ አለቃዬ አዲስ አበባ የሠሩ አዛውንት ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ብስክሌት 24ኛ ሆኖ መግባቱን ሳያነሡ የዋሉበት ቀን የለም። «እነ ገረመው በምን ፍሬን ነዱ? ጀግና ፍሬን አይቆጥርም» ይሉ ነበር። ነፍሳቸውን ይማረው፤ እጃቸው ወርቅ ነበር። ይህ አባባላቸው ግን ልቤ ውስጥ ቁጭ አለና፣ ለፍሬን ብር ማውጣት የፈሪ ነገር እየመሰለኝ ኖርሁ።

ሐምሌ ላይ፣ ጃፓኖች የሠሩት አዲሱ ድልድይ ገና ሳያልቅ፣ ልጁ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ከደጀን ወደ አባይ ወረደ። አገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ላይ ደጀን ጉም ነው፣ ብርድ ነው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጠማዘዛችሁ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ስትወርዱ ታች ወበቁ ፊት ይጠብሳል። አስፋልቱ በከባድ መኪና ጎማ ተጨምቆ እንደ ቦይ የሆነበት ቦታ አለ። ልጁ የፊቱን ፍሬን ሳይለቅ ይዞት ወረደ። ላስቲኩ በያዘ ቁጥር የጎማውን ጎን ሲሞርደው ቆይቶ፣ አንድ ኩርባ ላይ የፊት ጎማው ፈነዳ። ከድንጋይ መከለያው ጋር ተላተመ። ሽቅብ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳቱ አንሥተው ደጀን አደረሱት። የጭኑ አጥንት ተሰብሯል።

ሰው ሁሉ «ጎማው አርጅቶ ነው» አለ። ጎማው አዲስ ነበር፤ የገጠምሁት እኔ ነኝ። ብስክሌቱን እናቱ በሰው አስጭና ወደ ሱቄ አመጣችው፤ ለሕክምናው እንድሸጥላት ነው። ጎማውን ገልብጬ አየሁት። ጎኑ ላይ ዙሪያውን በቢላ የተጫረ የመሰለ መሥመር አለ፤ መሥመሩ ላይ የላስቲክ ጥቁር ዱቄት ተለጥፏል። ወዲያው ገባኝ። እሷ እዚያው ቆማ «ለልጄ የደከምህ እግዜር ይስጥህ» እያለች ትመርቀኛለች። እኔ ዝም አልሁ። ዕቃውን በሙሉ ከዋጋው በላይ ከፍዬ ራሴ ገዛሁትና ብሩን ሰጠኋት። እውነቱን በመናገር ፋንታ ያደረግሁት ይህን ነው።

ልጁ ዳነ፤ ቀኝ እግሩ ግን ትንሽ ያነክሳል፤ ከዚያ ወዲህ አልተወዳደረም። ዛሬ መምህር ነው፣ ልጆች አሉት። በ2008 ዓ.ም. ፅጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲነዳ ሉማሜ ሆኖ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አዩት? አዩት?» ይለኛል በደስታ። እንኳን አደረሰህ አልሁትና ስልኩን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንግዲህ ለባሕር ዳሩ ልጅ በማግሥቱ ያልሁትን ልጻፈው። እዚያ ከተማ ብስክሌት ስትነዱ አድጋችኋል፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ከጣና ዳር እስከ ገበያ ፍሬን የማይነካ ሰው አለ። ለዚህ ነው ፍሬን የማይታያችሁ። የዛሬ ልጆች ከእኛ ብዙ ታውቃላችሁ፤ የዕቃውን ክብደት በግራም፣ ማርሹ ስንት እንደሆነ በስልካችሁ ታገላብጣላችሁ። ከደወሉልኝ ልጆች ሁሉ ግን የፍሬኑን ቡሎን ከቸርኬው ለክቶ የመጣ አንድም አላየሁም። ማስመሪያ የሌለው ቤት የለም፤ ለኩ።

ቀጥሎ በእጅ የሚጨበጠው መያዣና ፍሬኑ መስማማታቸውን እዩ። የተራራ ብስክሌት ቪ ፍሬን ከኮርሳ መያዣ ጋር አይሄድም። ቪ ፍሬን ብዙ ሽቦ መሳብ ይፈልጋል፤ የኮርሳው መያዣ የሚስበው ትንሽ ነው። መያዣው እጀታው ድረስ ይገባል፣ ብስክሌቱ አይቆምም። በግልባጩ፣ ብዙ የሚስበውን መያዣ በኮርሳው ፍሬን ላይ ብታስሩት ሲነኩት ደረቅ ብሎ ጥሩ ይመስላል፤ ሲጨብጡት ግን ኃይል የለውም። ይኸኛው የባሰ ነው፤ ሰውን ያታልላል። ኒኬል የተቀባ የብረት ቸርኬ ያለው ካለ ደግሞ ለክረምት አይሁን። ውሃ ሲነካው ላስቲኩ ይንሸራተታል። አሉሚኒየም ይሁን። ላስቲኩ ውስጥ የተሰነቀረችውን ጠጠር በመርፌ ማውጣት አትርሱ፤ ቸርኬውን የምትበላው እሷ ናት።

ልጁ ዲስክ ፍሬን፣ ቸርኬውን ትቶ ጎማው መሐል ላይ የታሰረ ሳህን የሚይዘው፣ ይሻለኛል ወይ አለኝ። አይሻልህም አልሁት። በዘይት የሚሠራው የአንዱ ፋብሪካ የማዕድን ዘይት፣ የሌላው ዶት የሚባለውን ዘይት ነው የሚጠጣው፤ ከተቀላቀሉ ውስጡ ያለው ጎሚኒ አብጦ ይበላሻል። ፍኖተ ሰላም ላይ ቢፈስስ ማን ይሞላልሃል? ይህን ብዬው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አሰብሁት። በሐምሌ ዝናብ ከደጀን የምወርድ እኔ ብሆን ምን እመርጥ ነበር? ዲስክ። በሽቦ የሚሳበውን ዲስክ። ቸርኬ አያግልም፣ ጎማ አይሞርድም፣ ውሃ አይበግረውም። መልሼ ደውዬ ነገርሁት፤ ግራ ሳይጋባ አልቀረም። ቴላዮው ግን የዲስክ መቀመጫ የለውም፤ ስለዚህ ለእሱ ረጅም ክንድ ያለው ደኅና መቆንጠጫ ፍሬን ነው።

አያያዙንም እነግራችኋለሁ። ቁልቁለት ላይ ሙሉ መንገዱን ጨብጣችሁ አትውረዱ፤ ቸርኬው ይግላል፣ ካላማዳሪያው ይፈነዳል። ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ይብረድ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚጠፋው ጉልበት አራት እጥፍ ነው፤ ከ60 ይዞ የሚቆም ልጅ ከ30 ይዞ ከሚቆመው አራት እጥፍ ሙቀት ለቸርኬው ያስረክባል።

ማርሽን በተመለከተ፣ ብዛቱን ተዉትና ትንሹን ማርሽ፣ ለሽቅብ የሚቀለውን፣ ቁጠሩ። የድሮው ኮርሳ ፊት 39፣ ኋላ 23 ጥርስ ነበር ትንሹ። አንድ ፔዳል ዙር ሦስት ሜትር ተኩል ያስኬዳል። በደቂቃ 60 ዙር ብትመቱ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከአባይ ወደ ደጀን ሽቅቡን በ13 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ካለ እኔም ልየው። ፊት 34፣ ኋላ 34 ካደረጋችሁ ያው 60 ዙር ሰባት ተኩል ኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል፤ ጉልበታችሁ ሳይቀደድ ትወጣላችሁ። ይህ በባለ 8ም በባለ 9ም ይገኛል። 12 ማርሽ የምትሉትን እኔ አልቃወምም፤ ካቴናው ግን ቀጭን ነው፣ ሲበጠስ ገጠር ውስጥ አይገኝም። ባለ 8 ካቴና ይገኛል፣ ርካሽም ነው።

ካቴናውን ደግሞ ለኩ። ከአንዱ ፒን ተነሥታችሁ 24 ክፍተት ቁጠሩ። አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ሲደርስ ቀይሩት፤ ከዚያ በላይ ካቆያችሁት የኋላውን ጥርስ ይዞ ይሞታል፤ ያኔ የምታወጡት ሦስት እጥፍ ነው። አሮጌ የጣሊያን ቴላዮ የገዛችሁ ደግሞ የፔዳሉን መሐል ኩሽኔታ ከመፍታታችሁ በፊት ጠይቁ። የእንግሊዙ ቴላዮ ቀኝ በኩሉ በግራ ዙር ነው የሚጠብቀው፤ የጣሊያኑ ሁለቱም ጎን በቀኝ ዙር። በግድ ተጠምዝዞ ጥርሱ የተበላ ስንት ቴላዮ አይቻለሁ።

ስለ ሄልሜት አልናገርም፤ ታውቃላችሁ።

የባሕር ዳሩ ልጅ ረጅሙን ፍሬን ለመግዛት ማርሹን ወደ ባለ 8 አወረደው። ቅር ብሎታል፤ ድምፁ ያስታውቃል። ሲገጥም በማርቆስ ሲያልፍ እኔ ዘንድ እንዲያድር ነግሬዋለሁ፤ ፍሬኑን ሳላየው ወደ ደጀን አይሄድም።

ያ የሞረድሁት ፍሬን እስከ ዛሬ ጓዳ ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። የሞረዱ ጭረት አሁንም ይታያል። የሉማሜው ልጅ እስከ ዛሬ ድረስ ጎማው አርጅቶ ነበር ብሎ ያምናል፤ ማንም ሌላ አልነገረውም። ትናንት ደወልሁለት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት እንደሚውል ነገረኝ፣ እናቱም እዚያው አሉ። ፍሬኑን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።