ራሱን የሚያወድስ የጌም ገምጋሚ ምን ያህል ይታመናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ያጠነጥናሉ፦ ስለ ቪዲዮ ጌም የሚጽፉና ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ምን ያህል ሚዛን ይደፋል? «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም» እንዲሉ፣ ገምጋሚ ለራሱ የሚሰጠው ማዕረግ ትንሽ ሆኖ አያውቅም። በመልሶቹ የጠቀስናቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምከታተለው ገምጋሚ ትልቅ ጌም በወጣ ቁጥር «በዓለም የመጀመሪያው ግምገማ»፣ «በእኛ ብቻ የሚያገኙት» እያለ ይለጥፋል። ጌሙን ቀድሞ ማግኘቱ ከሌሎች የተሻለ መሆኑን አያሳይም?

መልስ፦ አያሳይም። ቀድሞ ያገኘው ኩባንያው ቀድሞ ስለሰጠው ነው። አሠራሩን እንንገርዎ። ጌሙ ለሽያጭ ከመቅረቡ ጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አሳታሚው ኩባንያ ለመረጣቸው ሰዎች ጌሙን በነፃ ለማውረድ የሚያስችል የግምገማ ኮድ ይልካል። ከኮዱ ጋር ኢምባርጎ የሚባለው ስምምነት አብሮ ይመጣል፤ ግምገማው ከየትኛው ቀንና ሰዓት በፊት እንደማይወጣ፣ የትኛው የታሪኩ ክፍል እንደማይነገር፣ አልፎ አልፎም ምን ዓይነት ምስል ማሳየት እንደሚቻል ይወስናል።

ኢምባርጎ በራሱ ነውር የለበትም። እንዲያውም ሁሉም በአንድ ሰዓት እንዲያወጣ ስለሚያደርግ፣ ለመቅደም ሲባል ጌሙን ሳይጨርሱ መጻፍን ይቀንሳል። የሚያስጠረጥረው ሰዓቱና ቅድመ ሁኔታው ነው። በ2014 ዩቢሶፍት «አሳሲንስ ክሪድ፦ ዩኒቲ»ን ሲያወጣ ኢምባርጎው የተነሳው ጌሙ በአሜሪካ መሸጥ ከጀመረ ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ ነበር። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው እንግዲህ የጌሙን ብልሽት የሚዘረዝሩት ግምገማዎች የወጡት።

ከዚህ የባሰው «ሳይበርፐንክ 2077» ነው። ጌሙ የወጣው ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲሆን፣ ቀድሞ የተላከው ኮድ የፒሲ (የኮምፒውተር) ብቻ ነበር። ገምጋሚዎቹም በመጀመሪያዎቹ ግምገማዎች ራሳቸው የቀረጹትን ሳይሆን የጌሙ ሠሪ ሲዲ ፕሮጄክት የሰጣቸውን ምስል ብቻ እንዲያሳዩ ተገደዱ። በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን ኮንሶሎች ላይ ጌሙ ምን ያህል እንደሚንገጫገጭ የታወቀው ከሽያጩ በኋላ ነው። ሳምንት ቆይቶ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ጌሙን ከመደብሩ አነሳው፤ የመለሰውም በ2021 ጁን ወር ነው። በዚያ ሳምንት «የመጀመሪያው» መሆን ለኮንሶል ገዢ አንዳች የጠቀመው ነገር አልነበረም።

መቅደም ሌላም ጣጣ አለው። በ2013 ፖሊጎን የተባለው ድረ ገጽ «ሲምሲቲ» ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት 9.5 ሰጠው። ጌሙ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ስለነበር፣ ሰርቨሩ ላይ ጥቂት ሰው በነበረበት ሰዓት ሁሉም ነገር ደህና ይመስል ነበር። ሕዝቡ ሲገባ ሰርቨሮቹ ተንኮታኮቱ። ድረ ገጹም ነጥቡን ወደ 8፣ ከዚያ ወደ 4 አወረደው፤ በኋላ ወደ 6.5 መለሰው። ፖሊጎን ማረሙ ያስመሰግነዋል። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን ያመነው ሰው የገዛው 9.5 የተባለለትን ጌም ነው። ኢንተርኔት የግድ የሚጠይቅ ጌም ከሆነ፣ ከመውጫው ቀን በፊት የተሰጠን ነጥብ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እንደ ጊዜያዊ ይቁጠሩት።

ስለዚህ ማዕረጉን ይለፉትና አራት ነገሮችን ይፈልጉ፦ ጌሙን በየትኛው መሣሪያ ተጫወተው? ስንት ሰዓት ተጫወተ፣ ጨርሶታል? የሚያሳየው ምስል የራሱ ነው የኩባንያው? የትኛውን ሥሪት፣ ማለትም ኩባንያው በመውጫው ቀን የሚለቀው ማስተካከያ ከመጫኑ በፊት ያለውን ነው ወይስ ከተጫነ በኋላ ያለውን? ጠንቃቃ ገምጋሚ እነዚህን ሳይጠየቅ ይናገራል። አራቱንም ትቶ «የመጀመሪያው ነኝ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ያገኙት መረጃ ኩባንያው እንደሚወደው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ዩቲዩበር በየቪዲዮው «እኔን ማንም አይገዛኝም፣ ይህ ሐቀኛ ግምገማ ነው» ይላል። ተከፍሎት እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ «ሐቀኛ ነኝ» የሚለውን ሐቀኛውም አጭበርባሪውም እኩል ይናገሩታልና መለያ አይሆንም። የሚለየው ምን እንዳገኘ በዝርዝር መናገሩ ነው። የሚያገኘው ጥቅም ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አይመዝኑት። ነፃ ኮድ ቀላሉ ነው፤ በሙያው የተለመደ ስለሆነ መነገር ቢኖርበትም ብቻውን አያስኮንንም። የጉዞና የሆቴል ወጪ ከዚያ ይከብዳል። በኮሚሽን ሊንክ የሚሸጥ ሰው እርስዎ ሲገዙ ያተርፋል፤ «አትግዙ» ሲል ግን ምንም አያገኝም። ስፖንሰርነት ቀጥተኛ ክፍያ ነው። ከሁሉም የሚከፋው የሚያወድሰው ነገር የራሱ ንብረት ሲሆን ነው።

የመጨረሻው እውነት ደርሷል። ሁለት ታዋቂ ዩቲዩበሮች «ካውንተር ስትራይክ» በተባለው የተኩስ ጌም ውስጥ ያሉትን የጦር መሣሪያ ማስጌጫ ቀለሞች (ስኪን) ማስያዣ አድርጎ የሚያቆምር «ሲኤስጎ ሎቶ» የተባለ ድረ ገጽ ላይ ሲያሸንፉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ይለቁ ነበር። ድረ ገጹ የራሳቸው መሆኑን ግን አልተናገሩም። ለሌሎች ተፅዕኖ ፈጣሪዎችም ከ2,500 እስከ 55,000 ዶላር ከፍለዋል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2017 ከሳቸው፤ ጉዳዩም በስምምነት ተዘጋ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ይኸው ኮሚሽን ዋርነር ብሮስን «ሻዶው ኦፍ ሞርዶር» ለተባለው ጌም በሠራው ዘመቻ ከሶ ነበር። ለተፅዕኖ ፈጣሪዎቹ የተከፈላቸው ከመቶዎች እስከ አሥር ሺዎች ዶላር ነው፤ ስምምነቱ ጌሙን በመልካም እንዲያነሱና ብልሽቱን እንዳያሳዩ ያስገድዳል። ልብ ይበሉ፣ «ስፖንሰር ተደርጓል» የሚል ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የተቀመጠው ግን ከቪዲዮው በታች፣ «ተጨማሪ አሳይ» የሚለውን ካልነኩ በማይታይ ቦታ ነው። አንዳንዱም ጌሙን ቀድሞ ማግኘቱን ብቻ ተናግሮ ክፍያውን ዘሏል።

እንግዲህ እርስዎ ማድረግ ያለብዎ ይህ ነው። ከቪዲዮው ስር ያለውን መግለጫ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። ቪዲዮው ሲጀምር ማዕዘኑ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ የሚለውን የማስታወቂያ ምልክት ያስተውሉ። ከዚያ የዚያኑ ሰው ያለፉ አሥር ግምገማዎች ይደርድሩና «አትግዙ» ያለው አለ ወይ ብለው ይፈትሹ። በመጨረሻም የሚነቅፈውን ነገር ያዳምጡ። ተከፋይ ቪዲዮ «ትንሽ አጭር ነው»፣ «ከዚህም በላይ ቢኖረው ደስ ይለን ነበር» የሚል ሙገሳ መሰል ነቀፋ ይወዳል። የተጫወተ ሰው ግን «ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ከአሳንሰሩ ስወጣ ድምፁ ጠፋ፣ ጌሙን ዘግቼ ስከፍት ተመለሰ» ብሎ እርስዎ ሄደው ልታረጋግጡት የምትችሉትን ይነግራል።

ጥያቄ፦ ትሬለሮች ላይ «ድንቅ ሥራ!» የሚል ቃልና 10/10 ከጋዜጣ ስም ጋር ይደረደራል። ይህ ይታመናል?

መልስ፦ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ ተብሏል፤ ጥያቄው ስለ ምን ተባለ ነው። ጥቅሶቹ ከሁለት ቦታ ይመጣሉ። አንዱ ከግምገማ ነው። ሌላው ከቅድመ ዕይታ ነው፤ ጸሐፊው ኩባንያው በመረጠለት ክፍል ላይ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ተጫውቶ ተስፋውን የጻፈበት ማለት ነው። ትሬለሩ ሁለቱን አይለይም። ጌሙ ገና ሳይወጣ በተለቀቀ ትሬለር ላይ ነጥብ የሌለው ሙገሳ ካዩ፣ ከቅድመ ዕይታ የተወሰደ ሊሆን እንደሚችል ይገምቱ።

ለማጣራት ቪዲዮውን በኮምፒውተር ይክፈቱና ያቁሙት። ዩቲዩብ ላይ የነጥብ ቁልፍ አንድ ምስል ወደ ፊት፣ የኮማ ቁልፍ አንድ ምስል ወደ ኋላ ይወስድዎታል። ከታች በኩል በደቃቅ ፊደል «በፒሲ የተቀረጸ» ወይም «ትክክለኛ የጨዋታ ምስል አይደለም» የሚል ለሰከንድ ብልጭ ይላል፤ በዚህ መንገድ ይያዛል። ከዚያ ጥቅሱን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ከጋዜጣው ስም ጋር ፈልገው ዋናውን አንቀጽ ያንብቡ። መሐል ላይ ሦስት ነጥብ ካለ የተዘለለው ቃል ምን እንደነበር ይዩ።

በዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በትሬለር ላይ ስሙ የወጣ ጋዜጣ ለራሱም ነፃ ማስታወቂያ አግኝቷል። ሚሊዮኖች በሚያዩት ቪዲዮ ላይ ስሙ በትልቁ ይጻፋል። «በአብዛኛው ጥሩ ነው፣ ካሜራው ግን ያስቸግራል» የሚል ጸሐፊ ይህን ዕድል አያገኝም፤ ቀድሞ፣ ባጭሩና በጩኸት የሚያወድስ ያገኛል። ጉቦ የሰጠ የለም፤ ግን ራስን የማስተዋወቅ ፍላጎትና የሻጩ ፍላጎት አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል። እኛን ከግልጽ ክፍያ ይልቅ የሚያሳስበን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ክፍያን ሕግ ይደርስበታል፣ ይህን ግን ከአንባቢው ንቃት በቀር የሚደርስበት የለም።

የገምጋሚዎችን ነጥብ በሚሰበስበው ሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ላይ ያለው አማካይም ከዚህ አያመልጥም። ለእያንዳንዱ ጋዜጣ የተለያየ ክብደት ሰጥቶ ነው የሚያሰላው፤ ክብደቱን ግን አይገልጽም። የሚይዘውም መጀመሪያ የወጣውን ነጥብ ስለሆነ፣ ቅድም ያነሳነው የ«ሲምሲቲ» 9.5 ፖሊጎን ካወረደውም በኋላ እዚያ ቀርቷል። ቁጥሩ ለሠሪዎቹ እንጀራ ጭምር ነው፦ የ«ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» ሠሪ ኦብሲዲያን ጉርሻ የሚያገኘው አማካዩ 85 ከደረሰ ነበር፤ 84 ላይ ቆመ፣ ጉርሻውም ቀረ። ስለዚህ ከአማካዩ ይልቅ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡ ሦስት ግምገማዎችን ያንብቡ። ሦስቱም የሚስማሙበት ነቀፋ ካለ እውነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጥያቄ፦ የጋዜጣው ባለቤት ማን መሆኑ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል፤ ማጣራቱም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱና ባለቤቱ ሌላ ምን እንደሚሸጥ ይመልከቱ። ከ1988 እስከ 2012 የታተመው «ኒንቴንዶ ፓወር» የተመሠረተው በኒንቴንዶ በራሱ ነው። «ጌም ኢንፎርመር» ደግሞ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የጌም ቸርቻሪው ጌምስቶፕ ንብረት ነበር። በሁለቱም ጥሩ ጸሐፊዎች ሠርተዋል፤ ቢሆንም አንባቢው ማን ለማን እንደሚሠራ አውቆ ማንበብ ነበረበት። ማስታወቂያም እንደዚያው ነው። በ2007 ጌምስፖት ውስጥ ይሠራ የነበረው ጄፍ ገርስትማን ድረ ገጹን በማስታወቂያው ላጥለቀለቀው «ኬን ኤንድ ሊንች» 6 ከ10 ሰጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተሰናበተ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2012፣ አለቆቹ ለአስተዋዋቂዎች ግፊት መንበርከካቸውን በይፋ ተናግሯል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ከተጠራጠርኩ ምን ላይ ልደገፍ?

መልስ፦ በራስዎ እጅ ላይ። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጌም መልሰው ገንዘብዎን ማግኘት ይችላሉ። ጌሙ ተከፍቶ የቆመበት ጊዜም ስለሚቆጠር ሜኑ ላይ ትተውት አይሂዱ። የተጠቃሚ አስተያየት ሲያነቡ ጸሐፊው ስንት ሰዓት እንደተጫወተና ምርቱን በነፃ ማግኘት አለማግኘቱ ከጎኑ ተጽፏል፤ ከነጥቡ በፊት እሱን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ጌም መገምገም ልጀምር ነው። ራሴን ካላስተዋወቅሁ ማን ያየኛል? ካስተዋወቅሁ ደግሞ ማን ያምነኛል?

መልስ፦ ሥራዎን ያስተዋውቁ፤ ራስዎን አያወድሱ። «ምርጡና ሐቀኛው ግምገማ» ከሚል ርዕስ «በፕሌይስቴሽን 5 ለ31 ሰዓት ተጫውተን ያገኘነው» የሚለው የበለጠ ይነግራል፤ የሚፈልገውም ሰው በፍለጋ ያገኘዋል። በመጀመሪያው 30 ሰከንድ ወይም በመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ይበሉ፦ «የግምገማ ኮዱን አሳታሚው በነፃ ሰጥቶናል። ዋናውን ታሪክ ጨርሰናል፣ የጎን ተልዕኮዎችን ግን ግማሽ ያህሉን ነው የሠራነው። ያየነው ሥሪት 1.02 ነው። ከታች ባለው ሊንክ ሲገዙ ኮሚሽን እናገኛለን።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ በድምፅም በጽሑፍም ይሁን።

ምስሉን ራስዎ ይቅረጹ። ኦቢኤስ የተባለው የመቅረጫ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ በ1080ፒ እና በሰከንድ 60 ምስል ያስተካክሉት። በ30 ከቀረጹ ጌሙ መንገጫገጩን ማሳየት አይችሉም፤ ተመልካቹም ቀረጻው ይሁን ጌሙ መለየት ያቅተዋል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው በአንድ ኮምፒውተር እየቀረጹ የጌሙን ፍጥነት (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ) መለካት ላይ ነው፤ ቀረጻው ራሱ ማሽኑን ስለሚጫነው ውጤቱ ዝቅ ይላል። ፍጥነቱን ቀረጻውን ዘግተው ይለኩ፣ ለቪዲዮው ደግሞ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ያለውን ኢንኮደር (ቪዲዮውን የሚጨምቀውን ክፍል) ይምረጡ። ያልተቆረጠውን ፋይል ቀንና የጌሙን ሥሪት ስሙ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። «ውሸት ነው» የሚል ሲመጣ ያሳዩታል።

ኮድ ሲጠይቁ የቻናልዎን ሊንክ፣ የሚጫወቱበትን መሣሪያ፣ ግምገማው የሚወጣበትን ቀንና ያለፉት አሥር ቪዲዮዎች አማካይ ዕይታ ይጻፉ፤ በጣም የታየልዎትን አንድ ቪዲዮ ብቻ መርጠው አይላኩ። ስለ ነጥብ ምንም ቃል አይግቡ። ስህተት ሲያገኙ ጽሑፉን በዝምታ አይቀይሩ፤ ምን እንደታረመና መቼ እንደታረመ ከላይ ያስፍሩ። ኩባንያው ግምገማው ሳይወጣ «ለትሬለር የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ላኩልን» ካለዎት አይላኩ፤ ከታተመው ላይ ይውሰዱ ይበሉት፣ የወሰዱትም ከነቀፋው ጋር ሲነበብ ትርጉሙ ያው መሆኑን ትሬለሩ ሲወጣ ያረጋግጡ።