ከኢዜታ እስከ ጎልፍ ካርት፦ ስለ ትንንሽ መኪኖች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬና ከሌሎች የጎጃም ከተሞች ስለ ቆዩ ትንንሽ መኪኖችና በጎልፍ ሜዳ ተጫዋቾችን ስለሚያመላልሰው ትንሽ ተሽከርካሪ፣ ስለ ጎልፍ ካርት፣ የተላኩልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ጋሼ፣ የአውቶ መካኒክስ ተማሪ ነኝ። በፊት ለፊት የሚከፈቱት፣ ሦስት ጎማ ያላቸውና የመሳሰሉት ትንንሽ መኪኖች አብዛኞቹ በ1950ዎቹ የተሠሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ችግር ነው የወለዳቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙው የአውሮፓ ሠራተኛ አቅሙ ከሞተር ሳይክል አያልፍም ነበር፤ ነገር ግን ቤተሰቡን ዝናብ ሳይመታበት ይዞ መሄድ ይፈልጋል። በሌላ በኩል ደግሞ አውሮፕላን እንዳይሠሩ የተከለከሉት የጀርመን ፋብሪካዎች ሥራ የፈታ ማሽንና ባለሙያ ነበራቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው መሰርሽሚት፣ ፍሪትዝ ፌንድ የተባለ መሐንዲስ ለአካል ጉዳተኞች ከነደፈው ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ተነሥቶ በ1955 ኬ አር 200 የተባለውን መኪና አወጣ። ሾፌሩና ተሳፋሪው ጎን ለጎን ሳይሆን ፊትና ኋላ ሆነው ይቀመጣሉ፤ መስታወት የሚመስለው የፕላስቲክ ክዳንም ከላይ ይወርድባቸዋል። ፊቷ እንዳለ እንደ በር የሚከፈተውን ኢዜታን በ1953 ያወጣው ኢዞ የተባለ የጣሊያን ፋብሪካ ሲሆን፣ የጀርመኑ ቢ ኤም ደብሊው ፈቃዱን ገዝቶ ከ1955 እስከ 1962 ድረስ ከ160 ሺህ በላይ አምርቷል። በ1956 በግብፅ ባለው የስዊዝ ቦይ ላይ በተነሣው ቀውስ ምክንያት ነዳጅ ሲጠፋ ገበያቸው ደራ። ቅርጻቸውን የወሰነው ግን ገበያ ብቻ አልነበረም፤ በእንግሊዝ አገር ሦስት ጎማ ያላት ኢዜታ የኋላ ማርሽ እስካልተገጠመላት ድረስ በሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ትነዳ ስለነበር፣ ፋብሪካው ለዚያ ገበያ ሲል አንድ ጎማ ቀነሰ። በ1957 ፊያት 500፣ በ1959 ደግሞ ሚኒ አራት ሰው ይዘው ብቅ ሲሉ የእነዚህ መኪኖች ዘመን ወደ ማብቂያው ተቃረበ።

ጥያቄ (ከዚያው ጠያቂ)፦ መሰርሽሚት ወደ ኋላም አራት ማርሽ አለው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ለብቻው የተሠራ የኋላ ማርሽ የለውም፤ ሞተሩ ይጠፋና ቁልፉ ወደ ውስጥ ጠለቅ ተደርጎ እንደገና ሲነሣ፣ ባለ ሁለት ምት የሆነው 191 ሲሲ ሞተር በተቃራኒው አቅጣጫ ይሽከረከራል። ባለ ሁለት ምት ሞተር የነዳጁን መግቢያና መውጫ የሚከፍትና የሚዘጋው ፒስተኑ ራሱ በመሆኑ፣ የካንዴላው እሳት በትክክለኛው ጊዜ ከደረሰው በየትኛውም አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ አራቱም ማርሾች ወደ ኋላ ይሠራሉ። በአራተኛ ማርሽ ወደ ኋላ መብረር ምን እንደሚጠቅም ግን ሊገባኝ አልቻለም።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ከሁሉም ትንሿ የትኛዋ ናት?

መልስ፦ ለሽያጭ ከተሠሩት መካከል፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል በምትገኘው «ማን» በተባለች ደሴት ከ1962 እስከ 1965 የተሠራችው ፒል ፒ 50 ናት። ርዝመቷ 137፣ ወርዷ 99 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክብደቷ 59 ኪሎ ብቻ ነው። የኋላ ማርሽ ስለሌላት ባለቤቷ ወርዶ ከኋላዋ ባለው እጀታ አንሥቶ ያዞራታል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ የብየዳ ቤት አለኝ። ከአሮጌ ባጃጅ ሞተርና ላሜራ ኢዜታን የምትመስል መኪና ልሠራ አስቤአለሁ። ሞተሩ ይበቃል?

መልስ፦ ሞተሩ ይበቃል። ወደ 200 ሲሲ የሚጠጋ የባጃጅ ሞተር ከመሰርሽሚት ሞተር አያንስም፤ የመጀመሪያዋ የቢ ኤም ደብሊው ኢዜታም 247 ሲሲና 12 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበራት። ባጃጅ ራሷም ከዚያው ዘመን የመጣች ናት፤ የዘር ሐረጓ የጣሊያኑ ፒያጆ ፋብሪካ በ1948 ወዳወጣው አፔ ወደተባለ ባለ ሦስት ጎማ ይመዘዛል። የእርስዎ ፈተና ያለው የጎማዎቹ አቀማመጥ ላይ ነው። ባጃጅ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ አላት። ሾፌሩ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በዚያ ማዕዘን ደግሞ ክብደቱን የሚቀበል ጎማ የለም። የምትገለበጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ኢዜታና መሰርሽሚት ግን ሁለቱን ጎማ ከፊት አድርገው፣ ሰውንም ዝቅ አድርገው አስቀምጠው ይህን አደጋ ቀንሰዋል። ስለሆነም የባጃጁን ሻንሲ እንዳለ ትተው ላዩን ብቻ በኢዜታ ላሜራ ከሸፈኑት፣ ከባጃጅ የከበደችና ይበልጥ ለመገልበጥ የምትቸኩል ነገር ይሠራሉ። በሩን ከፊት ካደረጉ ደግሞ ጣሪያው ላይ መውጫ ይተዉ። በኢዜታ ጣሪያ ላይ ያለው የሸራ ክዳን ለነፋስ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የፊቱ በር በግጭት ቢጣበቅ ሰው የሚወጣው በዚያ ነው። ብየዳውን ከመጀመርዎ በፊትም የትራንስፖርት ቢሮን ይጠይቁ፤ ሊብሬና ሰሌዳ ካልተገኘላት ከግቢዎ አትወጣም።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ኢዜታ ገዝቶ ሊልክልኝ ይፈልጋል። የዓባይን በረሃ ትወጣለች?

መልስ፦ መጀመሪያ ነገር፣ መንግሥት ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን መኪና ባረጀ ቁጥር የኤክሳይስ ታክሱ ይከብድ ነበር። ስለዚህ ወንድምዎ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻላል። ቀድሞ አገር ውስጥ የገባች ፊያት 500 ወይም 600 ቢያገኙ ግን ጥያቄዎ መልስ ይሻል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ እንደ ኢዜታ ያለው 12 የፈረስ ጉልበት እዚያ 9 ገደማ ይሆናል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት የካርቡራተሩ ቀዳዳ በጠበበ ካልተተካ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዳገቱ ይልቅ ከደጀን ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። የእነዚህ መኪኖች ፍሬን ትንሽ ከበሮ ነው፤ የፍሬኑ ሸራ ከጋለ አይዝም። በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ የፊያት 500 ማርሽ ደግሞ ሲንክሮ (ማርሽ ሲቀየር ጥርሶቹን የሚያስማማ ክፍል) ስለሌለው፣ ወደ ታች ሲቀይሩ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥ ካልለመዱ መሀል ቁልቁለት ላይ ማርሹ እምቢ ሊልዎት ይችላል። ለከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ በኤሌክትሪክ የሚሠራውና ኢዜታን የሚመስለው የስዊዘርላንዱ ማይክሮሊኖ አለ። ሲትሮየን አሚም አለች፤ ፍጥነቷ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የግራና የቀኝ በሮቿ አንድ ዓይነት በመሆናቸው አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይከፈታል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በጣና ዳር የመዝናኛ ቦታ አስተዳድራለሁ። አንዱን የጎልፍ ካርት በደንገል ታንኳ ቅርጽ አሠርቼ ሙሽሮችን ላመላልስበት እፈልጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሐሳብዎን ወድጄዋለሁ። የጎልፍ ካርትን መልክ መቀየር የቆየ ልማድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የ1957 ሸቭሮሌ አካል የተጫነባቸው ይሸጣሉ፣ ሃርሊ ዴቪድሰንም ከ1963 ጀምሮ ለ20 ዓመት ገደማ የጎልፍ ካርት ሠርቷል። ነገር ግን በራሱ በደንገል አይሥሩት። ከወንበሩ ሥር ያሉት የእርሳስ ባትሪዎች ቻርጅ ሲደረጉ ሃይድሮጂን ያወጣሉ፤ ጋዙ ደረቅ ደንገል በሸፈነው ቦታ ከታፈነ አንድ የእሳት ብልጭታ ይበቃዋል። በቀጭን ፋይበር አሠርተው ደንገል የሚመስል ቀለም ይቀቡት፤ ከባትሪው ሳጥን በላይም ነፋስ መውጫ ያስቀሩለት።

ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው ክብደት ነው። ስድስቱ ባለ 8 ቮልት ባትሪዎች ብቻቸውን ከ150 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ባለ ሁለት ወንበር ካርት ከዚያ ላይ ሰውና ዕቃ ሆኖ የሚችለው በአብዛኛው 360 ኪሎ ያህል ነው። ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹንና ሾፌሩን ሲደምሩ ለታንኳው ብዙ አይተርፍም። ብዙ የጎልፍ ካርቶች ፍሬን ያላቸው በኋላ ጎማዎች ብቻ መሆኑን ደግሞ ሠሪው ላይነግርዎ ይችላል። የታንኳው ሹል አፍንጫ ወደ ፊት ረዝሞ ከወጣ የኋላ ጎማዎቹን ያቀልላቸዋል፤ በእርጥብ ሣር ላይ ፍሬን ሲያዝ ካርቱ ይንሸራተታል። ስለዚህ አፍንጫው አጭርና ባዶ ይሁን፤ ሾፌሩም ከፊት ለፊቱ የቆመ ሕፃን እንዲታየው ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥ። የፊት ጎማዎቹ እስከ መጨረሻው ሲታጠፉ ፋይበሩን እንዳይነኩ ከመቀባቱ በፊት ራስዎ መሪውን ግራና ቀኝ አዙረው ይፈትሹ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ ከሌላ ጠያቂ)፦ የጎልፍ ካርት ባትሪያችን ቶሎ ይደክማል። ውኃ መቼ ነው የሚጨመረው?

መልስ፦ የተጣራ ውኃ ብቻ፣ ቻርጅ ካለቀ በኋላ ይጨመራል፤ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል አስቀድሞ የተሞላ ባትሪ አሲድ ይተፋል። እርሳሶቹ ተጋልጠው ካዩ ግን እስኪሸፈኑ ድረስ ጥቂት ጨምረው ከዚያ ቻርጅ ያድርጉ። መብራት ሲጠፋ ባዶውን ባትሪ ለቀናት አይተዉት፤ በጄኔሬተርም ቢሆን ይሙሉት። ከቻርጅ ተነቅሎ ጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባለ 48 ቮልት ካርት 51 ቮልት ያህል ማሳየት አለበት። ከዚያ እጅግ ካነሰ ስድስቱን ለየብቻ ይለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሎቹን ይዞ የሚወርደው አንዱ ብቻ ነው።