1340ን ልደብቀው ወይስ ልላከው?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጽፋልኛለች። ጂፒኤዋ (የትምህርት ቤት አማካይ ውጤቷ) 3.9፣ ኤስኤቲዋ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤቷ) 1340 ነው። የትምህርት ቤቷ የኤስኤቲ አማካይ 1000 እንኳ አይሞላም። አባቷ «ኮሌጆቹ ፈተናውን መላክ ግዴታ አይደለም ካሉ ለምን ራስሽን ታጋልጫለሽ? ኤ ይበቃሻል» ይሏታል። እሷ ደግሞ «ጋሼ፣ ክፍላችን ውስጥ ግማሹ ልጅ ኤ ነው። ታዲያ የለፋው በምን ይለያል? ይሄ ፍትሕ ነው?» ትላለች። ከማመልከቻው ጋር ስለሚላከው ጽሑፍ (ኤሴይ)፣ ስለ ክፍያ፣ እንዲሁም «ፋርማሲ ካልተማርሽ» ስለምትላት አክስቷም ጠይቃለች።

ልጄ፣ ላኪው።

ጥርጣሬሽ ልክ ነው፤ ኤ ረክሷል። የኤሲቲ (የሌላው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) አዘጋጆች ከ2010 እስከ 2021 ያለውን ሲያጠኑ ጂፒኤ እየጨመረ ሄዷል፤ የፈተና ውጤት ግን አብሮት አልጨመረም። (ፈተና ሻጭ ስለ ፈተና ሲያወራ እጠራጠራለሁ። ግን እኔ ጋ የሚመጣው ትራንስክሪፕትም የሚለው ይህንኑ ነው።) ሁሉም ኤ ሲሆን ተማሪ የሚመርጠው የኮሌጁ አድሚሽን ቢሮ ሌላ መለያ ይፈልጋል። ሰመሩን የት አሳለፈች? ስንት ኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት) ወሰደች? ኤሴይዋን ማን አረመላት? ይሄ ሁሉ በገንዘብ የሚገዛ ነው። ኤስኤቲም ቢሆን ለሀብታም ልጅ ያደላል፤ አስጠኚ ይቀጠርለታል፣ ደጋግሞ ይፈተናል። ቢሆንም ካን አካዳሚ ድረ ገጽ ላይ ማታ ማታ በነፃ ተለማምደሽ ልትደርሺበት የምትችይው እሱ ነው።

ዳርትማውዝ ኮሌጅ ፈተናውን በ2024 መልሶ ግዴታ ያደረገው ለምን ይመስልሻል? የራሱ ተመራማሪዎች መረጃውን ሲያገላብጡ፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ልጆች 1400 አካባቢ አምጥተው ሳይልኩት እንደቀሩ አዩ። ቢልኩት ይጠቅማቸው ነበር። ውጤቱ የሚመዘነው ከተማሩበት ትምህርት ቤት አንጻር ነዋ! ኤምአይቲ ቀድሞ በ2022 መልሶታል፤ ሃርቫርድና ብራውንም ተከትለዋል።

ልጆቹን ያስፈራቸው የኮሌጆች ድረ ገጽ ላይ የሚያዩት ቁጥር ነው። «ከገቡት ተማሪዎች መሀል ግማሾቹ ከ1400 እስከ 1520 አላቸው» ይላል እንበል። ይሄ ግን የላኩት ልጆች ቁጥር ብቻ ነው። ዝቅ ያለው ሁሉ ስለደበቀ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አንቺም አይተሽው ትደብቂያለሽ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይብሱን ይወጣል።

1340 አንዳንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተራ ውጤት ነው። ካንቺ ትምህርት ቤት ሲመጣ ግን አንባቢው ቀና ይላል። አይቪ ሊግ ያስገባሻል አልልሽም። እዚሁ ሜሪላንድ ላሉት ለታውሰንና ለዩኤምቢሲ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሳታመነቺ ላኪ፤ ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክም እኔ ብሆን እልከዋለሁ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲ) ካምፓሶች ጭራሽ አያዩትም፣ እዚያ አትድከሚ።

አባትሽን አከብራለሁ፤ ግን የፈሩት 1340ን አይመስለኝም። ለቅሶ ቤት «ልጅዎ የት ገባች?» ሲባሉ የሚመልሱትን ነው። ለዚያ መልስ ተብሎ ዕዳ አይገባም። የወላጅ ብድር የሚጻፈው በእሳቸው ስም ነው፤ የሚከፈለውም ኡበር እየነዱ ነው። ፋፍሳን (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻውን) እንደተከፈተ ሙዪ። የሚሰጥሽ እርዳታ ካልበቃ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምረሽ ወደ ኮሌጅ ፓርክ ተዘዋወሪ። እኔም በዚያው በር ነው የገባሁት፤ ዲግሪዬ ላይ ሞንትጎመሪ የሚል የለም።

ኤሴዩን በስደት መከራ አትሙዪው። ለቤተሰብ የሚመጣውን የኢንሹራንስ ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ ስትተረጉሚ የሚሆነውን ጻፊ። ፋርማሲን ኬሚስትሪ ከወደድሽ ተማሪው፤ አክስትሽ ስለወደደችው ከሆነ ግን እሷ ትማረው።

ፈተናውን አንዴ መድገም ካማረሽ፣ ትምህርት ቤት ምሳ በነፃ ወይም በቅናሽ የምትበዪ ከሆነ አትከፍይም። የነፃ ፈቃዱን ካውንስለርሽ ትሰጥሻለች፤ ሰኞ ጠዋት ሂጂና ጠይቂያት።