ስለ ሰሜን አየርላንድና ስለ ረጅም ግጭት ሥነ ልቦና ጠይቁኝ

የማኅበራዊ ሥነ ልቦና መምህር ነኝ። ምሳሌዬ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998ቱ የሰላም ስምምነት ከ3,500 በላይ ሰው ያለቀባት ሰሜን አየርላንድ ናት። ወገኖቹ ሁለት ናቸው፤ ባብዛኛው ከአየርላንድ ጋር መቀላቀል የሚሹት ካቶሊኮችና ከብሪታንያ ጋር መቆየት የሚሹት ፕሮቴስታንቶች። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ መልካቸው አንድ፣ ቋንቋቸው አንድ። በምን ይለያያሉ?

መልስ፦ በስም፣ በሰፈር፣ በሚከታተሉት ስፖርት። ሃይማኖትን ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር ስለሆነ «የት ተማርክ?» ይባላል፤ የትምህርት ቤቱ ስም የቀረውን ይናገራል። ብሔር የማይጠይቅ፣ የአያት ስም ግን አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው የገጠማችሁ ነገሩ አይጠፋችሁም። ሁሉም ከጥላቻ አያደርገውም። ብዙው በዚህ ሰው ፊት ምን እንደማይነገር ለማወቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ ጦርነት ከሰለቸው ለምን ቶሎ አይታረቅም?

መልስ፦ እስራኤላዊው ምሁር ዳንኤል ባር-ታል እንደሚያስረዳው፣ ግጭት ሲረዝም ኅብረተሰቡ መከራውን የሚችልበት እምነት ያበጃል፤ ዓላማችን ትክክል ነው፣ ተበዳዮቹ እኛ ነን፣ እነሱ አይታመኑም። ልጇን የቀበረች እናት በዚህ እምነት ትጽናናለች። «ሁለቱም ወገን በድሏል» ስትሏት የምትሰማው «ልጅሽ በከንቱ ሞተ» የሚለውን ነው።

በ2009 አንድ አማካሪ ቡድን ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ 12,000 ፓውንድ ይሰጥ አለ። ሟቹ ሰላማዊ ሰውም ይሁን ታጣቂ፣ ገንዘቡ እኩል ነበር። ጉማ አልነበረም፤ ከፋዩ መንግሥት እንጂ ገዳይ አይደለም። አገር ተናወጠ፣ ሐሳቡም ተጣለ። ገንዘቡ አልነበረም ያስቆጣው። የልጃቸው ሞት ከገዳዩ ሞት ጋር እኩል መመዘኑ ነበር። እኔ በእነሱ አልፈርድም፤ ሐሳቡን ያቀረቡት ግን ይህን አስቀድመው መገመት ነበረባቸው።

ጥያቄ፦ ሰፈሮቹን የሚለዩት ግንቦች ፈረሱ?

መልስ፦ አብዛኞቹ አልፈረሱም። የአካባቢው መንግሥት በ2013 «በአሥር ዓመት እናነሣቸዋለን» ብሎ ነበር። ቤልፋስት ውስጥ ከግንቡ ሥር ያሉ አንዳንድ ቤቶች፣ ከማዶ የሚወረወር ድንጋይና ጠርሙስ እንዳያገኛቸው ጓሯቸውን በሽቦ ሸፍነዋል። ይፍረስ የሚለው ባብዛኛው ራቅ ብሎ የሚኖረው ነው።

ጥያቄ፦ ልጆችን አብሮ ማስተማርስ?

መልስ፦ ይረዳል፣ ከዘለቀ። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንደጻፈው መቀራረብ ፍሬ የሚያፈራው በእኩልነት፣ በጋራ ሥራና በባለሥልጣን ድጋፍ ሲሆን ነው። የመጀመሪያው የጋራ ትምህርት ቤት፣ ላጋን ኮሌጅ፣ በ1981 ተከፈተ። ዛሬም ግን እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሚማረው ከአሥር ተማሪ አንድ አይሞላም።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ነኝ። ውጭ ያለነው ለምን እንከርራለን?

መልስ፦ እኅቴ፣ አንዱ ምክንያት የማክረሩን ዋጋ እዚያ ያለው ሰው ስለሚከፍለው ነው። ከ1970 ጀምሮ ኖሬይድ የተባለ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ካሉ የአየርላንድ ተወላጆች ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። ለእስረኞች ቤተሰብ ነው ይል ነበር፤ እንግሊዞች ደግሞ ብሪታንያን ለሚወጋው ታጣቂ ቡድን፣ ለአይ አር ኤ፣ የጦር መሣሪያ ነው ይሉ ነበር። ሌላው ምክንያት ትዝታ ነው፤ የወጣ ሰው አገሩን የሚያስበው በወጣበት ቀን እንደነበረች ነው። ነገር ግን በ1990ዎቹ ክሊንተን በሰላሙ ድርድር እንዲገቡ አጥብቀው ከወተወቱት መካከል የአየርላንድ ተወላጅ አሜሪካውያንም ነበሩ።