የሚይዝም የሚለቅም አፎት፦ ስለ ውድድር ሽጉጥ ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁና ሳይመካከሩ፣ ስለ አንድ ዕቃ የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው። ዕቃው በተግባራዊ የሽጉጥ ተኩስ ውድድር፣ ማለትም ተወዳዳሪው እየተንቀሳቀሰና ሽጉጥ እየመዘዘ በሰዓት ተለክቶ ዒላማ በሚመታበት ስፖርት ላይ፣ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው አፎት ነው። አንዱ ደብዳቤ ማህደር፣ ሌላው ሆልስተር ይለዋል፤ እኛ በዚህ ዓምድ አፎት እያልን እንቀጥላለን።

ጥያቄ፦ «ክቡር አዘጋጅ፣ የምኖረው ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ ነው። ከፖሊስ በጡረታ ከተገለልኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በአገልግሎት ዘመኔ ማካሮቭ ሽጉጥ ክዳን ባለው የቆዳ አፎት ታጥቄ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ከወገቤ ወድቆ አያውቅም። በደቡብ አፍሪካ የሚኖረው ልጄ የተግባራዊ ተኩስ ክለብ አባል ስለሆነ፣ በመጪው ዓመት ልጠይቀው ስሄድ በክለቡ ውድድር እንድሳተፍ ይፈልጋል። የምተኩስበት ሽጉጥ ግሎክ 17 ነው፤ አፎቱን ግን በራሴ ወገብ ልክ እንድመርጥ ነግሮኝ ፎቶግራፎች ልኮልኛል። አብዛኞቹ ክዳንም ማሰሪያም የሌላቸው ናቸው። እኔ ሦስት መቆለፊያ ያለውን የፖሊስ አፎት ብገዛ ይሻላል ስለው ይስቃል። ማናችን ነን ትክክል?» — ጡረተኛ አሠልጣኝ፣ ከሰንዳፋ

መልስ፦ ልጅዎ መሳቁን ትቶ ምክንያቱን ቢያስረዳዎ ይሻል ነበር እንጂ ሐሳቡ ትክክል ነው። የእርስዎም ስጋት ቢሆን ከንቱ አይደለም፤ በዚህ ውድድር ከወገብ የወደቀ ሽጉጥ የሚያስከትለውን ከዚህ በታች እናየዋለን።

በመጀመሪያ ሁለቱ አፎቶች ከምን እንደሚጠብቁ መለየት ያስፈልጋል። የፖሊስ አፎት መቆለፊያዎች የተሠሩት በግርግር መካከል የሌላ ሰው እጅ ሽጉጡን መንጭቆ እንዳይወስድ ነው፤ እርስዎም በገበያና በበዓል አደባባይ ቆመው ክዳኑን በክርንዎ እየዳሰሱ ሳይውሉ አልቀሩም። በውድድር ሜዳ ግን የሚመነጭቅ እጅ የለም። ሽጉጡን ሊጥለው የሚችለው የራስዎ እንቅስቃሴ ነው፤ ምልክቱ ሲሰማ ከወንበር ተነሥተው ሲሮጡ፣ ሽጉጡን ከመምዘዝዎ በፊት በር ሲከፍቱ ወይም ዕቃ ከመሬት ሲያነሡ፣ ከዚያም ይልቅ ቀኑን ሙሉ ባዶውን ሽጉጥ ታጥቀው የዒላማ ቀዳዳ ለመለጠፍ መቶ ጊዜ ጎንበስ ቀና ሲሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የመቆለፊያ ብዛት ሳይሆን ለዚያው ሽጉጥ በልኩ የተቀረጸ፣ አጥብቆ የሚይዝና በቀጥታ ወደ ላይ ሲሳብ ያለ ማንገራገር የሚለቅ አፎት ነው። ነጥብ የሚሰላው ዒላማ ላይ የተገኘው ውጤት ለፈጀው ሰከንድ ተካፍሎ ስለሆነ፣ ሦስት መቆለፊያ እየፈቱ የሚያጠፉት ጊዜ ከውጤትዎ ላይ ይነሣል። በፖሊስ አፎቶች ላይ የሚጻፈው «ደረጃ 2»፣ «ደረጃ 3» የሚለው ቁጥርም ቢሆን አምራቾች ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ ስለማይቆጥሩት፣ ከሁለት ፋብሪካዎች የወጡ ዕቃዎችን ለማወዳደር እምብዛም አይረዳም።

ስለ መውደቁ ደግሞ የራሴን ልንገርዎ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በውጭ አገር ስኖር፣ ለመጀመሪያ ውድድሬ «ለሁሉም ዓይነት ሽጉጥ ይሆናል» ተብሎ የተሸጠልኝን የናይሎን አፎት ታጥቄ ቀረብኩ። ለሁሉም የሚሆን አፎት ለማንም እንደማይሆን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ከወንበር ተነሥቼ ወደ መጀመሪያው መስኮት ስሮጥ፣ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው እርምጃ ላይ ሽጉጡ ከኋላዬ ሣሩ ላይ ተኝቶ ነበር። ዳኛው «ቁም!» ብሎ ጮኸ፤ እኔ ከነበርኩበት ሳልነቃነቅ እርሱ አንሥቶ ባዶ አደረገው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ዘግቼ ተሰናበትኩ። የዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ደንብ በዚህ ላይ ምሕረት የለውም፤ በተኩሱ ሂደት ላይ ሽጉጥ የጣለ ሰው የሚሰረዘው ከዚያ ዙር ብቻ ሳይሆን ከመላው ውድድር ነው። ከተኩሱ ሂደት ውጭ ባዶ ሽጉጥ ከወገብዎ ቢወድቅ ግን አይሰረዙም፤ በገዛ እጅዎ ካነሡት ግን ይሰረዛሉ። እንደ ወታደር ወዲያው ጎንበስ ብሎ ማንሣት ስለሚቀናን ይህን አሁኑኑ ቢለማመዱት ይበጃል፦ ከወደቀ አይንኩት፣ ዳኛ ይጥሩ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። ለግሎክ 17 በ«ፕሮዳክሽን» ክፍል (ከፋብሪካ እንደወጡ ያሉ ሽጉጦች በሚወዳደሩበት ምድብ) ለሚወዳደር ጀማሪ የምመክረው፣ ካይዴክስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተቀረጸና የመጨበጥ ኃይሉ በብሎን የሚስተካከል አፎት ነው። ካይዴክስ እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ውስጥ ለአውሮፕላን የውስጥ አካል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ የተጫነበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ለግሎክ የተቀረጸው የምላጩን ከለላ (ምላጩን የከበበውን ቀለበት) በትክክል ስለሚነክስ፣ ሲያስገቡት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ሁለተኛው ዓይነት፣ ሽጉጡን በምላጭ ከለላው ብቻ ጨብጦ በትንሽ ማንሻ የሚቆልፈው የእሽቅድምድም አፎት፣ በሠለጠነ እጅ እጅግ ፈጣን ነው። ሆኖም መቆለፉን ሳያረጋግጥ የሚሮጥ ጀማሪ ከእኔ የናይሎን አፎት የተሻለ ዕድል ስለማይኖረው፣ ለአንድ ውድድር ብለው አይግዙት።

የሽጉጡን ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ ዓይነቱን ይጠይቁ። የግሎክ 17 በርሜል 114 ሚሊ ሜትር፣ የግሎክ 34 ደግሞ 135 ሚሊ ሜትር ነው፤ አፎቱ ከታች ክፍት ከሆነ ለአጭሩ የተቀረጸው ረጅሙንም ብዙ ጊዜ ይቀበለዋል። ልጅዎ ሽጉጡ ላይ የነጥብ መነጽር (በብርሃን ነጥብ የሚያነጣጥሩበት) ወይም መብራት ካስገጠመበት ግን ቅርጹ ስለሚለወጥ ለዚያው ተብሎ የተከፈተ አፎት ያስፈልጋል። በጠቋሚ ጣት ተጭነው የሚከፍቱት ቁልፍ ያለበት አፎት ቢያሳዩዎት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ጣቱ ቁልፉን እየተጫነ ሽጉጡ ሲወጣ፣ ያው ጣት በዚያው ግፊት ምላጩ ላይ ያርፋል፤ ጭናቸውን የመቱ ሰዎች ስላሉ ብዙ አሠልጣኞች ከሜዳቸው አግደውታል።

ደንቡ ለማንም አምራች አያዳላም፤ የሜዳው ዋና ዳኛ ግን አንድ አፎት አደገኛ ነው ብሎ ካመነ እንዲስተካከል ወይም ከውድድሩ እንዲወጣ ያዛል። በሚታጠቁበት ጊዜ የሚታዩት ነገሮችም ብዙ አይደሉም። የእጀታው የታችኛው ጫፍ ከቀበቶው የላይኛው ጠርዝ በታች መዋል የለበትም፤ ዘና ብለው ሲቆሙ አፈሙዙ የሚያመለክትበት ቦታ ከእግርዎ ከ1 ሜትር በላይ መራቅ አይችልም፤ በብብት ሥር የሚንጠለጠልና ከጭን ጋር የሚታሰር አፎት አይፈቀድም። በሚወዳደሩበት ክፍል አፎቱም የካዝና (ጥይት የሚደረደርበት ዕቃ) መያዣዎቹም ከዳሌ አጥንት ፊት ለፊት አልፈው እንዳይመጡና ከሰውነትዎ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይርቁ ዳኛው በመለኪያ ያያል። ዕድሜ ወገባችንን ሲያሰፋው እጀታው ጎንን ስለሚወጋ፣ አፎቱን በማራቂያ ወደ ውጭ የመግፋት ፈተና ይመጣል፤ 50 ሚሊ ሜትሩን እዚያ ላይ ያስቡት።

ከአፎቱ እኩል ገንዘብ የሚገባው ቀበቶው ሆኖ ሳለ፣ ሰው ሁሉ የሚቆጥበው በእርሱ ላይ ነው። አፎቱ ሽጉጡን አጥብቆ ይዞ ቀበቶው ከለቀቀ፣ ሲመዙ ሽጉጡ ከነአፎቱ ተከትሎ ይመጣል። ጥሩው ባለ ሁለት ድርብ ነው፤ ለስላሳው የውስጠኛው ቀበቶ በሱሪው ማለፊያዎች ውስጥ ይገባል፣ ደረቁ የውጭኛው በቬልክሮ በላዩ ይጣበቃል። ቀበቶው ወገብዎ ላይ በጽኑ የተያያዘ ወይም ቢያንስ በሦስት የሱሪ ማለፊያዎች የተያዘ መሆን አለበት።

ከመግዛትዎ በፊት ልጅዎ አንድ ሙከራ ያድርግልዎ። ካዝናው ይውጣ፣ ጥይት ማስገቢያው በዓይንም በጣትም ሁለት ጊዜ ይፈተሽ፣ ጥይት የሚባል ነገር ሁሉ ሙከራው ከሚደረግበት ቤት ይውጣ። ከዚያ ሽጉጡን አፎቱ ውስጥ ከትቶ፣ ወፍራም ፍራሽ ላይ ገልብጦ ይናጠው። የማይወድቅ ከሆነ፣ ደግሞ በአንድ እጁ ያለ ትግል የሚመዘዝ ከሆነ፣ ብሎኑ በልኩ ጠብቋል ማለት ነው። ቀሪውን፣ መቀመጡን፣ መንበርከኩንና መሮጡን፣ እዚያ ሲደርሱ በራስዎ ወገብ ይሞክሩት።

ማካሮቩን በተመለከተ፣ ምንም እንኳ ባይጠይቁኝ፣ ይዘውት ለመቅረብ እንዳያስቡ አስቀድሜ ልንገርዎ። ውድድሩ የሚቀበለው ዝቅተኛው ጥይት 9 በ19 ሚሊ ሜትር ሲሆን የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው። የመጥረጊያ ዘንግና የመለዋወጫ ካዝና ኪስ ያለው ያ ክዳናም አፎት ለሥራው እጅግ የታሰበበት ዕቃ ነበር፤ ሥራው ግን ሌላ ነበር።

ጥያቄ፦ «ሰበታ ውስጥ በትንሽ መሥሪያ ቤት የቆዳ ቀበቶና ቦርሳ እሠራለሁ። አንድ ደንበኛዬ የውድድር አፎት እንድሠራለት ጠይቆኛል፤ ልኩን እንድወስድም ሽጉጡን ለሁለት ቀን ትቼልህ ልሂድ አለኝ። ምን ዓይነት ቆዳ ልጠቀም? ሽጉጡንስ ልቀበለው?» — ባለሙያው፣ ከሰበታ

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምርና፣ ወንድሜ፣ አይቀበሉት። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የደንበኛዎ ፈቃድ ለእርሱ እንጂ ለእርስዎ መሥሪያ ቤት አይሠራም። ለቅርጽ ማውጫ የሚያገለግል፣ በትክክለኛው ልክ የተሠራ የፕላስቲክ አምሳያ ስላለ ደንበኛዎ እርሱን ያምጣ።

ስለ ቆዳው፣ ለጫማና ለቦርሳ ከፋብሪካ የሚወጣው አብዛኛው ቆዳ በክሮም የለፋ ነው። እርሱ ለስላሳ ስለሆነ ቅርጽ አይዝም፣ ውስጡ የሚቀረው ጨውም ብረት ያዝጋል። ለአፎት የሚሆነው በዕፅዋት ቅርፊት የለፋ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ነው። በውኃ ነክረው በአምሳያው ላይ ያልብሱት፤ በተለይ የምላጩን ከለላ ጠርዝ በአጥንት ወይም በእንጨት መፋቂያ አጥብቀው ያውጡት፣ ሽጉጡን የሚይዘው እርሱ ነውና። ከዚያ ከፀሐይ ርቆ ቀስ ብሎ ይድረቅ። አፉ ላይ ሁለተኛ ንጣፍ ጨምረው ይስፉት። አፉ ሲያረጅ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ የቆዳ አፎት ሽጉጡ ሲመለስ በምላጩ ከለላ ውስጥ ገብቶ ምላጩን ይጫናል፤ ሰው ጣቱን ሳያስገባ ጥይት የባረቀው በዚህ ምክንያት የሆነበት ጊዜ አለ። ለደንበኛዎ አፉ መልፈስፈስ የጀመረ ዕለት እንዲጥለው በግልጽ ይንገሩት።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ በእርስዎ ቦታ ብሆን አፎቱን ለካይዴክስ ትቼ ቀበቶውን እሠራለት ነበር። ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ንጣፍ ተጣብቆ ዙሪያውን የተሰፋ ደረቅ የቆዳ ቀበቶ እጅዎ የለመደው ሥራ ነው፤ ቢበላሽም ሰው አይጎዳበትም።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ከውጭ የላከልኝን፣ በምላጭ ከለላው ብቻ የሚይዝ የእሽቅድምድም አፎት ታጥቄ፣ ፈቃድ ባለው ሽጉጤ፣ ባዶውን፣ በግቢዬ መምዘዝ እለማመዳለሁ። በክረምቱ ተንሸራትቼ ወድቄ ጭቃ ገባበትና አሁን መቆለፊያው አንዳንዴ ብቻ ይይዛል። ምን ላድርግ? ወደ ከተማ ስወርድስ ልታጠቀው እችላለሁ?» — ከሱሉልታ

መልስ፦ አንዳንዴ ብቻ የሚይዝ መቆለፊያ የለም ብለው ይቁጠሩት፤ እስኪጠገን ድረስ ሽጉጥ አይክተቱበት። የእናንተ አካባቢ መረሬ አፈር ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ ዘይት ቢጨምሩበት ደግሞ አቧራ ሰብስቦ ሊጥ ይሆናል። አፎቱን ከቀበቶው ፈትተው ለብ ባለ ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት፣ ማንሻው ሥር ያለውን ክፍተት በተለይ፤ ከዚያ በጥላ ያድርቁት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይተዉት፣ ፕላስቲኩ ሊጣመም ይችላል። ብሎኖቹን አጥብቀው ሲጨርሱ፣ ከብሎኑ ራስ እስከ አፎቱ አካል ድረስ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር ያስምሩበት። መስመሩ ተቆርጦ ካዩት ብሎኑ ላልቷል ማለት ስለሆነ፣ ከልምምድ በፊት አንድ ጊዜ ማየት ይበቃዎታል። ካጸዱትም በኋላ መቆለፊያው በተከታታይ ሃያ ጊዜ ሳይስት ካልያዘ ክፍሉን ያስለውጡ።

ወደ ከተማ ታጥቀውት ስለመውረድ የጠየቁት አጭር መልስ አለው፦ አይሆንም። ያ አፎት ከአላፊ አግዳሚ እጅ የሚከላከልበት ምንም ነገር የለውም፣ ሽጉጡም ከሞላ ጎደል ራቁቱን ነው። ለጉዞ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ፣ ጥይቱ ለብቻው፣ ፈቃዱ ደግሞ በኪስዎ ይሁን።